አየር ማጣሪያ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የእኔን ጉድ ስሙ

ተሸውጃለሁ። መናገሩ አያሳፍረኝም፤ ያ ሻጭ ዛሬም እዚያው ቆሞ ጭስ እያጨሰ ቀጣዩን ሰው እየጠበቀ ነው።

ባለቤቴ አስም አለባት። አቧራ ሲበዛ ሌሊት ትነቃለች፤ አንዳንዴም ተቀምጣ ታድራለች። ስለዚህ «አየር ያጠራል» የሚል ነገር ሳይ ልቤ ቶሎ ይሸነፋል። ሻጩ ጠረጴዛ ላይ አንዲት የመስታወት ሣጥን አስቀምጧል። የተጠቀለለ ወረቀት ለኮሰና ጭሱን ሞላባት። ጉም የለበሰች መሰለች። ከዚያ መሣሪያውን ውስጧ ከቶ አበራው። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ መስታወቱ ጥርት አለ። አጠገቤ የቆሙት አጨበጨቡ። እኔም ቦርሳዬን አወጣሁ።

አሁን ሳስበው፣ ማየት የነበረብኝ የሰውየውን እጅ ነው። አንዱን ትርኢት ጨርሶ ሌላውን ከመጀመሩ በፊት መስታወቱን ከውስጥ በጨርቅ ይወለውላል። ያኔ «ጽዳት የሚወድ ሰው ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። ለካ ጭሱ መሣሪያው ውስጥ አልገባም፤ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ነው የቀረው! መሣሪያው አዮናይዘር የሚሉት ዓይነት ነው። አየር ላይ የሚንሳፈፈውን ብናኝ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ይሰጠዋል፤ ብናኙም ቅርብ ያገኘው ነገር ላይ ሄዶ ይጣበቃል። ጠባብ ሣጥን ውስጥ ግድግዳው ቅርብ ስለሆነ ጭሱ ዓይናችሁ እያየ ይጠፋል። ቤት ውስጥ ግን ብዙው አየር ላይ እንዳለ ይቀራል። የተጣበቀውም ስትራመዱ፣ አልጋ ስታነጥፉ ተመልሶ ይነሳል።

ሒሳቡን እንሥራው። ሣጥኗ 50 በ40 በ30 ሳንቲ ሜትር ብትሆን 60 ሊትር አየር ትይዛለች። 5 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል ደግሞ 50,000 ሊትር ይይዛል። ከ800 እጥፍ በላይ ነው። አንድ ኩባያ ያጣፈጠ ስኳር በርሜል ሙሉ ውሃ ያጣፍጣል እንደማለት ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን ሽታው ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽን ብዙ ሲሠራ፣ ወይም መብረቅ ከወረደ በኋላ አፍንጫ ሰርስሮ የሚገባ ሽታ አለ አይደል? መኝታ ቤታችን እሱን እሱን ይል ጀመር። ሻጩ ዘንድ ደወልኩ። «ንጹህ አየር እንዲህ ነው ወንድሜ፣ ይለመዳል» አለኝ። ንጹህ አየር ምንም አይሸትም! እኛ ቤት የሸተተው አዮናይዘሩ የሚያወጣው ኦዞን የሚባል ጋዝ ነው። ኦዞን ሰማይ ላይ ሲሆን ከፀሐይ ጨረር ይከልለናል፤ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ግን ሳንባውን ያስቆጣል፣ ሳል ያመጣል፣ አስም ይቀሰቅሳል። ለአስም ብዬ የገዛሁት ዕቃ ማለት ነው። የባለቤቴ ሳል ሲብስ ብርድ መስሎን ነበር። በ3ኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ራሷ ተነስታ ገመዱን ነቀለችው። ጠዋት ከቦታው ሳነሳው ከኋላው ያለው ግድግዳ ጠቁሮ አገኘሁት።

ሌላም አለ። ኦዞን የሎሚ ሽታ ካላቸው የጽዳት ፈሳሾች ጋር ሲገናኝ ፎርማልዴይድ የሚባለውን መጥፎ ጋዝ ይፈጥራል። ካሊፎርኒያ ከ0.050 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 0.050 ክፍል) በላይ ኦዞን የሚያወጣ የቤት አየር ማጣሪያ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። ስለዚህ ካርቶን ላይ «ኃይል ያለው ኦክስጅን» የሚል ነገር ካያችሁ፣ ያው ኦዞን በሌላ ስሙ ነውና ሳትከራከሩ ሂዱ።

ገንዘቤ ካልተመለሰ ቢያንስ ውስጡን ልየው ብዬ በካቻቢቴ ፈታሁት። ካርቶኑ ላይ «ሄፓ ዓይነት ፊልተር» ይላል። ጉዱ ያለው «ዓይነት» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። እውነተኛው ሄፓ መለኪያ አለው። 0.3 ማይክሮን የሚያህሉ ብናኞችን ቢያንስ 99.97 በመቶ መያዝ አለበት። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ እንግዲህ ከፀጉር 200 ጊዜ በላይ ስለሚያንስ ነገር ነው የምናወራው። «ሄፓ ዓይነት» ወይም «ሄፓ መሰል» የሚለው ግን ምንም ቃል አይገባም። ሄፓ እንደ አኮርዲዮን ጥቅጥቅ ብሎ የታጠፈ፣ ወረቀት የሚመስል ነገር ነው። እኔ ያገኘሁት ስስ ስፖንጅ ነው። ዙሪያውን ክፍተት ስላለው ያችኑ ትንሽ አየር እንኳ በጎን ያሾልካል። «ካርቦን» የተባለውም ጥቁር የተቀባ መረብ ሆኖ ተገኘ። ሽታና ጋዝ የሚይዝ ካርቦን በእጅ ሲያነሱት ይከብዳል፤ የኔን እፍ ብትሉት ይበራል።

«እስከ 50 ካሬ ያጸዳል» የሚለውም በትልቁ ተጽፏል። በትንሹ የተጻፈው በሰዓት 40 ሜትር ኩብ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ 50 ካሬ ቤት 125 ሜትር ኩብ አየር አለው። አየሩን አንድ ጊዜ ለማዞር ብቻ ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። እስከዚያ በመስኮትና በበር ስንቱ ይገባል!

እና ምን ትጠይቁ? ሲ.ኤ.ዲ.አር. ስንት ነው በሉ። በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ የተጣራ አየር ይሰጣል ማለት ነው። የክፍላችሁን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት አባዙና፣ አየሩ በሰዓት 5 ጊዜ እንዲጣራ በ5 አባዙት። ያንን የ5 በ4 ክፍል ብትወስዱ 250 ይመጣል፤ የመሣሪያው ቁጥር ከዚያ ማነስ የለበትም። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚለካው በከፍተኛው ፍጥነት ነው፤ ሌሊት ድምፁ ሲረብሻችሁና ስትቀንሱት ቁጥሩም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ተለቅ ያለውን ግዙ። ሻጩ ቁጥሩን ካላወቀው ወይም «ቁጥር ምን ያደርግልሃል» ካላችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

መለዋወጫ ፊልተሩንም በዓይናችሁ እዩት። ፊልተር በብዙ መሣሪያ ከ6 ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ይለወጣል። የሚሸጠው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው የጠፋ ቀን እጃችሁ ላይ የሚቀረው ማራገቢያ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ጥሩ አየር ማጣሪያ ተአምር የለውም፤ ማራገቢያና ፊልተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሪቻርድ ኮርሲ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስና ጂም ሮዘንታል የተባለ የፊልተር ኩባንያ ኃላፊ ያስተዋወቁት ሣጥን አራት ማዕዘን ማራገቢያና ጥቂት ፊልተሮች በፕላስተር ተጣብቀው የተሠራ ነው። መልኩ አያምርም፤ ይሠራል ግን። መብራቱ፣ ሪሞቱ፣ ቀለም የሚቀያይረው ምልክት ጌጥ ነው።

አንድ ነገር በቁም ነገር ልበል። የትኛውም የቤት አየር ማጣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ማለትም ከከሰልና ከጄኔሬተር የሚወጣውን ገዳይ ጋዝ፣ አያስወግድም። ከሰል ወይም ጄኔሬተር ቤት ውስጥ አብርቶ «ማጣሪያ አለን» ማለት ሞት ነው። የታፈነ ቤትንም መስኮት እንጂ ማጣሪያ አያድነውም።

አሁን ሌላ ገዝተናል፤ ቁጥሩን አይቼ፣ ፊልተሩን ነክቼ። ያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹን 5 ቀናት ያለ ጥቅም ሲያጉረመርም ነው የቆየው። አዲስ ፊልተር በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ መሣሪያው ውስጥ ገብቶ ነው የሚመጣው፤ እኔ ደግሞ ክዳኑን ሳልከፍት አበራሁት። እባካችሁ ከማብራታችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ ላስቲኩን አውጡ።