የታሚያ 1/32 ስፒትፋየር ማርክ 9፦ ለሞተሩ ሲባል የሚገዛ ኪት

ፍርዴን ከላይ ላስቀምጠው፤ ጊዜ የሌለው ሰው እዚሁ አንብቦ መሄድ ይችላል። የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የ1/32 (ከእውነተኛው 32 ጊዜ ያነሰ) ስፒትፋየር ማርክ 9፣ ማለትም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ዘጠነኛው ዓይነት፣ እስከ ዛሬ ከገጣጠምኳቸው የጦርነት አውሮፕላን ሞዴሎች ሁሉ ይበልጥብኛል። ይህን ስል ግን ለሁሉም ሰው ይሆናል ማለቴ አይደለም። የምትፈልጉት ያማረ ስፒትፋየር መደርደሪያ ላይ ማቆም ብቻ ከሆነ ቀለል ያለ ሌላ ኪት (ተገጣጣሚ ሞዴል) አለ፤ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። የዚህኛው ዋና ነገር ያለው ከአፍንጫው ሽፋን ስር ነው። ሽፋኑን ለዘላለም ልትዘጉት ከሆነ ለማታዩት ሥራ ነው የምትለፉት።

ስለ መጠኑ ትንሽ ልበል። እውነተኛው አውሮፕላን ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 11.23 ሜትር ነው። ለ32 ሲካፈል 35 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ1/72 ቢሆን 15 ተኩል ገደማ ነበር። ልዩነቱ የቦታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በትንሹ ሞዴል ላይ በአንድ የቀለም ጠብታ የምታልፉት ነገር እዚህ ራሱን የቻለ ክፍል ሆኖ ይመጣል፣ መቆረጥ አለበት፣ መሞረድ አለበት፣ መቀባት አለበት፣ እና ከተንሻፈፈ ከሩቅ ይታያል።

ለምን ማርክ 9? እ.ኤ.አ. በ1941 መገባደጃ ጀርመኖች ፎክ-ቩልፍ 190 የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ይዘው ከች ሲሉ የእንግሊዞቹ ማርክ 5 ተበለጠ። በሰኔ 1942 አርሚን ፋበር የተባለ ጀርመናዊ አብራሪ ተሳስቶ ዌልስ ውስጥ ፔምብሪ በሚባለው የእንግሊዝ አየር ጣቢያ አረፈ፤ እንግሊዞቹም ሙሉ 190 ያለ ምንም ድካም እጃቸው ገባ። መልሱ ግን ቀድሞም እየተዘጋጀ ነበር፦ የማርክ 5ን አካል ወስዶ አዲሱን ሜርሊን 61 ሞተር መግጠም። የተሻሻለው ማርክ 8 እስኪደርስ ማቆያ ይሁነን ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። ማቆያው ከዋናው በብዙ እጥፍ ተመረተ፣ ዓለም ይሄ!

ሞዴሉ ላይ የምታዩት ሁሉ የዚያ ጥድፊያ ውጤት ነው። አዲሱ ሞተር አየር የሚያጭቅለት መጭመቂያ ባለ ሁለት ደረጃ ስለሆነ ረዘመ፣ ስለዚህ አፍንጫው ረዘመ። ጉልበቱን ለመጠቀም ፕሮፔለሩ ከሦስት ምላስ ወደ አራት ሄደ። ማቀዝቀዣው ስላልበቃ በአንድ ክንፍ ስር ብቻ የነበረው ትልቅ ራዲያተር ጓደኛ ተጨመረለት። ማርክ 5ን ከማርክ 9 መለየት ሲያቅታችሁ ከሆዱ በኩል እዩት፤ ከሁለቱም ክንፎች ስር እኩል ሳጥን ካለ 9 ነው ብላችሁ ጀምሩ።

ወደ ሳጥኑ። ፕላስቲኩ በየፍሬሙ ተደርድሯል። ፎቶ-ኢች የሚባሉት ስስ የብረት ክፍሎች፣ የላስቲክ ጎማዎች፣ ትንንሽ ማግኔቶች፣ ሞዴሉን እየበረረ ለሚያሳይ ሰው ማቆሚያ፣ ሁሉም አሉ። የማረፊያ እግሮቹ የወጡና የታጠፉ ሆነው ሁለት ዓይነት ስለቀረቡ እየቀያየሩ ማሳየት ይቻላል። መመሪያውን ሙጫ ሳትከፍቱ ከዳር እስከ ዳር አንብቡት። ከመገጣጠማቸው በፊት መቀባት ያለባቸው ክፍሎች ብዙ ናቸው፣ ስንት ነገር ከተዘጋ በኋላ ብሩሽ አይገባም።

ብረቶቹን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር፦ የፕላስቲክ ሙጫ የሚሠራው ፕላስቲኩን ትንሽ አቅልጦ ነው፣ ብረት ላይ ምንም አያደርግም። ለብረቱ ሱፐር ግሉ ያስፈልጋል፣ እሱም በመርፌ ጫፍ። ስትቆርጡት ደግሞ ጠንካራ ነገር ላይ፣ መስታወት ላይ ለምሳሌ፣ በአዲስ ምላጭ። ለስላሳ ነገር ላይ ከቆረጣችሁት ይጎብጣል፣ ወይም ተፈናጥሮ ይጠፋል፣ ከጠፋ ደግሞ ጠፋ ነው።

ኮክፒቱ፣ ማለትም የአብራሪው ክፍል፣ ጥሩ ነው፣ ብዙ አላወራም። የውስጡ ቀለም ወደ ግራጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። መቀመጫውን ግን በዚያ ቀለም አትቀቡት። የጦርነቱ ዘመን ስፒትፋየሮች መቀመጫ አብዛኛው ከብረት ሳይሆን ከተጠናከረ ፕላስቲክ የተሠራ ሆኖ መልኩ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡኒ ነበር፤ በዚያ አረንጓዴ መሀል ሲቀመጥ ኮክፒቱ ሕይወት ይዘራል። ከዛ በኋላ የሳሳ ጥቁር ቀለም በየጥጉ አፍስሶ መጥረግ፣ ጠርዞቹን በደረቅ ብሩሽ ነካ ነካ ማድረግ፣ በቃ።

አሁን ወደ ሞተሩ። እዚህ ላይ ነው ይህ ኪት ከሌሎቹ የሚለየው። ሜርሊን 27 ሊትር፣ 12 ሲሊንደር በቪ ቅርጽ የተደረደረበት ሞተር ነው፤ የኪቱ ሞተር ደግሞ ለሽፋኑ መሙያ የተቀመጠ ጉማጅ አይደለም፣ ራሱን ችሎ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ የሚታይ ሞዴል ነው። ቱቦዎቹ፣ የሚሸከሙት ክንዶች፣ ከኋላ ያለው መጭመቂያ፣ ሁሉም በቦታቸው ይገባሉ። ስትገጥሙት ምን ከምን ጋር ለምን እንደሚያያዝ ትረዳላችሁ፣ ይሄን ከሥዕል አታገኙትም።

ችግሩ ቀለሙ ነው። የእንግሊዝ ሜርሊኖች በአብዛኛው ጥቁር ናቸው። ሁሉንም በአንድ ጥቁር ከቀባችሁት ያ ሁሉ ሥራ ወደ አንድ ጨለማ ይለወጣል። እኔ የማደርገው ዋናውን አካል አንጸባራቂ ጥቁር፣ የላስቲክ ቱቦዎቹን ደብዛዛና ወደ ግራጫ የሚሄድ ጥቁር፣ ማያያዣዎቹን የብረት ቀለም ማድረግ ነው። ጭስ ማውጫዎቹ ከዝገት ቡኒ ጀምረው ወደ ጫፍ ሲሄዱ እየነጡ ቢሄዱ ደስ ይላል።

ሽቦ መጨመር ለሚፈልግ ሰው ቦታው ይህ ነው። በየሲሊንደሩ ሁለት ሁለት ካንዴላ ስላለ 24 ገመድ ነው። ውፍረቱን በሂሳብ አውጡት፦ እውነተኛው 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ በ1/32 ሩብ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሰው ሞዴል ላይ ሽቦ ሲጨምር ብዙ ጊዜ የሚያየው እጁ ላይ ያለውን ሽቦ እንጂ ልኩን አይደለም፤ ገመድ መሆን የነበረበት የውሃ ቧንቧ አክሎ ቁጭ ይላል። ቀጭን ካላገኛችሁ ባትጨምሩ ይሻላል፣ ኪቱ እንዳለው ያምራል።

ሽፋኖቹ በማግኔት ነው የሚያዙት። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ከፍታችሁ ሞተሩን ታሳያላችሁ፣ ዘግታችሁ መስመሩን ታያላችሁ። ግን ማግኔቱ ከመለጠፉ በፊት የትኛው ፊት የትኛውን እንደሚስብ ምልክት አድርጉበት፤ ተገልብጦ ከደረቀ ሽፋኑን የሚገፋ ሞተር ነው የሚኖራችሁ። ሌላው የቀለም ውፍረት ነው። ክፍሎቹ በጣም ተጠጋግተው እንዲገጥሙ ስለተሠሩ ጠርዝ ላይ የተከማቸ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መሠረት) ብቻውን ክፍተት ይፈጥራል። ስስ፣ በኤርብራሽ (ቀለም በአየር በሚረጭ መሣሪያ)፣ ጠርዙ ላይ ሳይቆሙ። በየደረጃው ሽፋኑን እየገጠሙ መሞከርም አይከፋም። እና እባካችሁ እንግዳ በመጣ ቁጥር አትክፈቱት! እኔ አሁን የአንዱን ጎን ሽፋን አውልቄ አጠገቡ አስቀምጬዋለሁ፣ ሌላው ጎን ዝግ ነው፤ ከአንዱ ጎን ማሽን፣ ከሌላው ጎን አውሮፕላን ይታያል።

የማልወደው ነገር አለ? ያው እንደየሰው ነው። የክንፍና የጅራት መቆጣጠሪያዎቹ በብረት ማጠፊያ እንዲንቀሳቀሱ ተደርገዋል። ብልሃቱን አደንቃለሁ፣ ግን ሞዴል መጫወቻ አይደለምና መንቀሳቀሱ ምን እንደሚጨምርልኝ አይገባኝም። እኔ በፈለግኩት አቅጣጫ አድርጌ በሙጫ አስቆምኳቸው። የቆመ አውሮፕላን ላይ የጅራቱ መቆጣጠሪያ ወደ ታች ቢያዘነብል ያምራል። በክንፉ ስር ያሉትን የማረፊያ ፍላፖች ግን ከፍታችሁ አታሳዩ፤ አብራሪዎቹ እንዳረፉ ይዘጓቸው ነበር፣ መሬት ላይ ተከፍተው የሚታዩት ከስንት አንዴ ነው።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ከ1941 ክረምት ጀምሮ የእንግሊዝ የቀን ተዋጊዎች ከላይ ጥቁር አረንጓዴና ኦሽን ግሬይ፣ ከታች ሚድየም ሲ ግሬይ ነበሩ። ከጅራቱ ፊት ያለው ቀበቶና የፕሮፔለሩ አፍንጫ ስካይ በሚባለው የገረጣ አረንጓዴ፣ የክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ቢጫ መስመር። እኔ የመረጥኩት የአብራሪው የጆኒ ጆንሰንን አውሮፕላን፣ መለያ ቁጥሩ ኢኤን398 የሆነውን ነው። ጆንሰን በ1943 ኬንሊ በሚባለው የእንግሊዝ አየር ጣቢያ የካናዳውያኑን ክንፍ (ስኳድሮን የሚባሉ የአውሮፕላን ቡድኖችን በአንድ የያዘ የአየር ኃይል ክፍል) ይመራ የነበረ እንግሊዛዊ ሲሆን በጦርነቱ 34 አውሮፕላን በስሙ ተመዝግቦለታል። የክንፍ አዛዦች በስኳድሮን ኮድ ፈንታ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደሎች አውሮፕላናቸው ላይ ማጻፍ ይፈቀድላቸው ነበርና ጎኑ ላይ ያለው ጄኢ-ጄ እሱው ጄምስ ኤድጋር ጆንሰን ነው።

ማርጀቱን አታብዙት። የአዛዥ አውሮፕላን የሚንከባከበው ሰው ነበረው። ልብ ብላችሁ ልታስቆሽሹት የሚገባው የግራው ክንፍ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት በኩል የላይኛው ገጹ ነው፤ በሩ በግራ በኩል ስለሆነ አብራሪውም መካኒኩም የሚረግጡት እዚያ ነው። ቀኙንም እኩል ከላጣችሁት ማን ሲወጣበት ነው የተላጠው? ጭሱ ወደ ኋላ የሚተወው ጥላሸት፣ ከመትረየሶቹ ጀርባ ስስ ጥቁር፣ ከሆዱ ስር ትንሽ ዘይት። በቃ።

ለክብ ምልክቶቹና ለትልልቆቹ ፊደሎች ከዲካል (በውሃ ተነክሮ ከሚለጠፍ ሥዕል) ይልቅ ማስክ (ቅርጹ የተቆረጠለት መሸፈኛ) አድርጎ በቀለም መርጨት እመርጣለሁ፣ በዚህ መጠን ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፣ የሪቬቱ (ብረቱን የሚያያይዘው ምስማር) ምልክትም በቀለሙ ስር ሳይደበቅ ይቀራል። ማስኩን ከሌላ ሻጭ ነበር ያዘዝኩት፣ ስሙን አላነሳም፣ አንዱ ፊደል ከጓደኞቹ አንሶ መጣልኝ፤ ጻፍኩላቸው፣ መልስ የለም። ሌላ ቆርጬ ተጠቀምኩ። ትንንሾቹን ጽሑፎች ግን በዲካል ነው መሥራት የሚቻለው፣ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ስር አድርጉላቸው፣ በማለስለሻ ፈሳሽ አስቀምጧቸው።

ቃል የገባሁት ቀለል ያለው ኪት ኤዱዋርድ የተባለው የቼክ ሞዴል አምራች 1/48 ማርክ 9 ነው፣ የ2013 ሥራ። ክንፉ 23 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ስለሆነ ቦታ አይፈጅም፣ የውጪው ገጽ ሥራ በጣም ያምራል። የሚከፈት ሞተር ግን አትጠብቁ። መጀመሪያ ሞዴል የሚገጣጥም ሰው እዚያም ሳይደርስ በ1/72 እጁን ቢያፍታታ ይሻለዋል፤ የታሚያው 1/32 ለመማሪያ የሚሆን አይደለም፣ ብረቱና ማግኔቱ ትዕግስት ያስጨርሳል።

ትልቁን ወስናችሁ የትኛውን ልግዛ ካላችሁ ደግሞ ታሚያ ከዚሁ ቤተሰብ ማርክ 8ንና ማርክ 16ንም አውጥቷል። 8ኛው የኋላ ጎማው የሚታጠፍ ነው። 16ኛው በአሜሪካ ፓካርድ የሠራውን ሜርሊን የያዘ፣ ጀርባው ዝቅ ብሎ ዙሪያውን የሚያሳይ መስታወት የተገጠመለት ነው። የሞተሩ ሥራ ያው ነው፣ ስለዚህ በመልክ ምረጡ። ለእኔ ከፍ ያለ ጀርባ የሌለው ስፒትፋየር ጎዶሎ ነውና 9ኙን ነው የምለው።