ጣሪያውን ላስቀድደው? ሰንሩፍ ለኤሌክትሪክ መኪና፣ በጅማ ሰርግ ቀራጭ ዓይን

ሥራዬ ሰርግ መቅረጽ ነው። ጅማ ላይ አሁን አሁን ሰንሩፍ፣ ማለትም የሚከፈት የመኪና ጣሪያ፣ የሌለበት ሰርግ ሰርግ አይመስልም። ሙሽሮቹ ከጣሪያው ብቅ ብለው እጃቸውን ማውለብለብ አለባቸው። እኔም ከፊታቸው ባለው መኪና ጣሪያ ወጥቼ ወደ ኋላ እቀርጻቸዋለሁ። ይህ ከቀረ ቪዲዮው ሲታይ የሙሽራዋ እናት «የሆነ ነገር ጎድሎታል» ማለታቸው አይቀርም። ለዚህ ነው ቢዋይዲ ሲጋል የምትባለውን ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ስገዛ ጓደኞቼ ስለ ባትሪው ሳይጠይቁ «ሰንሩፍ አለው?» ያሉኝ። የለውም። የሲጋል ጣሪያ ድፍን ላሜራ ነው።

ታናሽ ወንድሜ «ታዲያ እናስቀድደዋ!» አለ። ይህን የሚሠራ ጋራዥ ከተማችን ውስጥ አለ። ስሙን አልጠራም። ሄጄ አየሁ፣ ጠየቅሁ፣ ከዚህ በፊት የቀደዱትን መኪናም ነዳሁ። ከፋብሪካ የመስታወት ጣሪያ ይዘው በመጡ ሁለት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ሠርቻለሁ፦ በሶንግ ፕላስ እና በአይዲ ፎር። ለቸኮለ ሰው ፍርዴ ይኸው፦ አታስቀድዱ። ሰንሩፍ ካማራችሁ ይዞት የተወለደ መኪና ግዙ፤ ካልሆነም ለሰርጉ ቀን ተከራዩ።

መጀመሪያ ስለ ጋራዡ። ሁለት ዓይነት ሰንሩፍ ያቀርባሉ። አንዱ ከተበተነ መኪና ላይ የተነሳ ነው። ሌላው ከቻይና የሚመጣ፣ ሞተሩና ፍሬሙ አብረው የታሸጉ አዲስ ዕቃ ነው። አሠራሩ ግን አንድ ነው። የጣሪያው የውስጥ ልብስ ይወርዳል። ላሜራው ተለክቶ በግራይንደር ይቆረጣል። ፍሬሙ ገብቶ ዙሪያው በሲሊኮን ይሞላል። ሽቦ ይዘረጋል፣ ልብሱም ተቆርጦ ይመለሳል። የጠሩልኝ ዋጋ ከአንድ ጥሩ ሌንስ ይበልጣል። ሰዎቹ ትሁቶች ናቸው፣ ቡናም ጋብዘውኛል። በመስተንግዶ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻለሁ።

ጭቅጭቁ የተጀመረው ስለ ውኃ ስጠይቅ ነው። ብዙ ሰው ሰንሩፍ ውኃ የማያስገባው ጎማው ጥብቅ ስለሆነ ይመስለዋል። ጎማው አብዛኛውን ይመልሳል እንጂ ሁሉንም አይመልስም። ከፋብሪካ የወጣ ሰንሩፍ ከመስታወቱ ሥር ዙሪያውን የሚሄድ ቦይ አለው። ጎማውን ያለፈው ውኃ እዚያ ይጠራቀማል። ከቦዩ አራት ጥጎች ቀጫጭን ቱቦዎች ይነሳሉ፤ ሁለቱ በፓራብሬዛው ግራና ቀኝ፣ ሁለቱ ከኋላ በኩል በምሰሶዎቹ ውስጥ ወርደው ውኃውን ከመኪናው ሥር ያፈሳሉ። ስለዚህ የጋራዡን ባለቤት «ጋሼ፣ ቱቦዎቹን በየት ታወርዷቸዋላችሁ?» አልኳቸው።

«ሲሊኮኑ ጥሩ ከሆነ ቱቦ ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

እዚህ ከተማ ያደገ ሰው ይህን መልስ ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ በመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዶፍ። ላሜራው ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። በዚያ መሃል የተያዘ ሲሊኮን አንድ ቀን አንድ ጥግ ላይ መልቀቁ አይቀርም። የነዳሁት መኪና ምስክር ነው። የድሮ የቤንዚን መኪና ነው፣ ባለቤቱ መምህር ናቸው። የጣሪያው ልብስ በአንድ ጎን እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል። ውስጡ ሻግቷል፣ ሽታው ይታወቃል። መምህሩ ሰማዩ ሲከብድ ጣሪያውን በፕላስቲክ ይሸፍናሉ። «ክረምት ላይ አልከፍተውም፣ በበጋ ደግሞ አቧራው አያስከፍትም» አሉኝ። ከዚያ የቀረው ወር ለሰርግ ይበቃል ብለው ሳቁ።

የኤሌክትሪክ መኪና ሲሆን ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ ግን ሰው በሚፈራው መንገድ አይደለም። «ዝናብ ከገባ ባትሪው ይፈነዳል» የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። ትልቁ ባትሪ ወለሉ ሥር በራሱ ሣጥን ታሽጎ ነው የሚቀመጠው፤ ከጣሪያ ጠብ ያለ ውኃ አያገኘውም። ብርቱካናማዎቹ የከፍተኛ ቮልቴጅ ኬብሎችም ጣሪያ ላይ አይሄዱም። ጋሼ «ባትሪው ከታች፣ እኛ ከላይ» ያሉኝ በዚህ በኩል ልክ ናቸው። የሚያሳስበው መሃል ላይ ያለው ነው። ከምንጣፉና ከወንበሩ ሥር የሽቦ መጋጠሚያዎች አሉ፣ ትንንሽ መቆጣጠሪያ ሳጥኖችም ሊኖሩ ይችላሉ። ውኃው በምሰሶው ወርዶ እዚያ ይቆማል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ማንም የማይፈታው ምልክት ይበራና «ቦርድ ነው፣ ይቀየር» ትባላላችሁ። ያ ቦርድ ጅማ ውስጥ የለም። አዲስ አበባም ስለመኖሩ እግዜር ይወቀው።

የግራይንደሩ ብናኝም አለ። የጋለ የብረት ብናኝ ወንበሩን ያቃጥላል፤ ምንጣፉ ውስጥ ገብቶም ይዝጋል። የተቆረጠው ጠርዝ ፀረ ዝገት ካልተቀባ በእኛ እርጥበት ከዚያው መበላት ይጀምራል። መኪናችሁ የመጋረጃ ኤርባግ (በአደጋ ጊዜ በመስኮቶቹ በኩል ተነፍቶ የሚወርድ ከረጢት) ካለው ደግሞ የተጠቀለለው በጣሪያው ሁለት ጠርዝ ውስጥ ነው። ልብሱን የሚያወርደው ልጅ ይህን ማወቅ አለበት። ጠየቅሁት። አያውቅም።

በጣሪያው ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፉ የብረት ማጠናከሪያዎችም አሉ። መኪና ሲገለበጥ ወይም ከጎን ሲመታ ሥራ አላቸው። መኪናውን ሲነድፉ ሰንሩፍ ያሰቡ መሐንዲሶች ዙሪያውን ሌላ ፍሬም ሠርተው ያካክሱታል። ጋራዥ የሚያካክሰው በምንድነው? በሲሊኮን? የእኔ መኪና ርዝመቷ 3.78 ሜትር ነው፤ ትንሽ መኪና ላይ ልበ ሙሉ መሆን አልችልም። ፍሬሙ ከውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ስለሚበላም ረጅሙ ወንድሜ ራሱ ጭንቅላቱን ይመታ ነበር። ይህን ስነግረው ነው ትንሽ የበረደው።

ስለ ዋስትና ብዙ አልልም። አብዛኞቻችን ያስገባነው መኪና ዋስትናው ቻይና ቀርቷል። ኢንሹራንሱ ግን እዚህ ነው። ጣሪያ ከመንካታችሁ በፊት ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ስለ ቦሎም ቀድማችሁ አጣሩ።

«ቻርጅ ይበላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አጭር መልስ አለው። ሰንሩፉን የሚከፍተው ሞተር በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ነገር ነው፣ የሚሠራውም ለሰከንዶች። ቻርጅ የሚበላው ነፋስ ነው። ከተማ ውስጥ ከፍታችሁ ብትሄዱ ልዩነቱ አይታይም። በአዲስ አበባ መንገድ በፍጥነት ስትነዱ ግን ነፋሱ ገብቶ ይጎትታል፣ ጆሮም ይደበድባል። ድብደባው የኋላ መስኮት ትንሽ ዝቅ ሲል ይቀንሳል። የባለ ትልቁ ባትሪ ሲጋል በቻይና አለካክ 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ተጽፏል፤ ከእኛ እስከ አዲስ አበባ 350 ገደማ ነው። የጊቤን ዳገት ግን ያ ወረቀት አያውቀውም። እዚያ መንገድ ላይ ጣሪያ ከፍቶ መንዳት ለሀብታም ነው።

ሕርማታ ገበያ ላይ አንድ ልጅ ደግሞ «ለምን ሶላር አታስለጥፍበትም?» አለኝ። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አንድ ካሬ ሜትር ጥሩ ፓኔል በጠራ ፀሐይ 200 ዋት ገደማ ይሰጣል። በቀን አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ብታገኝ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ሲጋል በዚያ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። በሐምሌ ደግሞ እርሱት።

አሁን ወደ ሶንግ ፕላስ ልምጣ፤ ስለ እሱ ባወራ አልጠግብም። ጣሪያው በእውነት ይከፈታል። የፊተኛው መስታወት ወደ ኋላ ይንሸራተትና አንድ ሰው ካሜራ ይዞ እስከ ወገቡ ይወጣል። ከፈረንጅ አራዳ ተነስተን ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሙሽሮች ስናወጣ ቀርጬበታለሁ። በናፍጣ መኪና ላይ ክርኔን ጣሪያው ላይ ሳሳርፍ የሞተሩ ንዝረት ወደ ካሜራው ይገባ ነበር። እዚህ ንዝረት የለም። ሞተሩ ስለማይጮህ ማይክራፎኑ እልልታውንና የባጃጆቹን ጥሩምባ ለብቻው ይይዘዋል። በቪዲዮ ሥራ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ድምፁን በኋላ በኮምፒውተር ማጽዳት ቀርቶልኛል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ሹፌሩ እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሳ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፣ ጉልበቱንም ወደ ባትሪው ይመልሳል። የተቀመጠ ሰው ብዙም አይሰማውም። እኔ ግን ቆሜያለሁ፣ ፊቴም ወደ ኋላ ነው። የመክፈቻው ጠርዝ ጀርባዬን ነው የሚያገኘው። መፍትሔው ሁለት ነው። ሹፌሩ ከስክሪኑ ላይ ይህን አያያዝ ወደ ዝቅተኛው ያወርደዋል። እኔ ደግሞ ጋቢ አጥፌ ጠርዙ ላይ አስራለሁ። ፍጥነታችን ከሰው እርምጃ አይበልጥም፤ ሚዜዎቹ «ንካው!» ቢሉም አይበልጥም። ልጅ በጣሪያ ማውጣትማ ጨርሶ አይታሰብም።

አይዲ ፎር ሌላ ታሪክ ነው። ጣሪያው ሰፊ መስታወት ነው፤ ግን አይከፈትም። ለመንገደኛ ደስ ይላል፣ ዋንዛና ግራቪሊያ ጥላ ሥር ስታልፉ ቅጠሉ ከላይ ይፈሳል። ለሙሽራ ቪዲዮ ግን መጋረጃውን ዝጉት። ጅማ ከምድር ወገብ ሰባት ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ ነው የምትርቀው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ በሚያዝያ፣ የፋሲካ ማግሥት ሰርግ በሚበዛበት ጊዜ፣ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ብርሃን ከላይ ብቻ ሲመጣ የሙሽራዋ ዓይን ሥር ይጠቁራል፣ አፍንጫዋ ከንፈሯ ላይ ጥላ ይጥላል። ኩሉና ሜካፑ በሙቀት ሲሄድ ደግሞ ጥፋቱ የካሜራማኑ ነው ይባላል። የሚገርመው፣ የእኔዋ ሲጋል ድፍን ጣሪያ ለፊት የተሻለ ብርሃን ይሰጣል፤ ከመስኮት በጎን ይገባልና። ቬሎ ግን አታስገባም፣ መቀመጫዋም አራት ነው። ስለዚህ የካሜራ መኪና ሆና ቀርታለች።

የሚከፈት ጣሪያ ያለው ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሆነ አንድ ሊትር ውኃ ያዙ። ጣሪያውን ክፈቱና ቦዩ ጥግ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። በጎማዎቹ አጠገብ መሬት ላይ መንጠባጠብ አለበት። ቦዩ ላይ ቆሞ ከቀረ ቱቦው በቅጠል ወይም በአቧራ ተዘግቷል። በሽቦ አትውጉት፣ ቱቦው ከመጋጠሚያው ይወልቃል። ለስላሳ የናይለን ገመድ ይሻላል። የአቮካዶ ዛፍ ሥር የሚያቆም ሰው ይህን ከዝናቡ በፊት ማድረግ አለበት። ከዚያ እጃችሁን ምንጣፉ ሥር ሰዳችሁ እርጥበት ፈልጉ፣ የጣሪያውንም ልብስ ጥግ ጥጉን እዩ።

እኔ ለጋራዡ ልከፍል የነበረውን ገንዘብ በሁለት ከፍየዋለሁ። በአንዱ የመኪናዋ ጎን ላይ የሚጣበቅ የካሜራ መያዣና ማረጋጊያ ገዛሁ። ሌላው የሶንግ ፕላሱ ኪራይ ነው። ባለቤቱ የሰፈሬ ልጅ ስለሆነ ከሹፌር ጋር ይሰጠኛል፤ እኔም ሰርግ ስዋዋል «በሰንሩፍ» እና «ያለ ሰንሩፍ» ብዬ ዋጋውን ለይቼ እነግራቸዋለሁ። የሚበዛው «በሰንሩፍ» ይላል። ከዘነበ ግን ኪራዩን አልመልስም፣ ውሉ ላይ ተጽፏል።