የባትሪ ቻርጅ ጎንደር ላይ፦ ፈጣኑን ትታችሁ አሳድሩት

ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ይህ የመኪና ባትሪ ቤት አዲስ ባትሪም ይሸጣል፤ ደንበኛ የሚያመጣለት ግን ቻርጁ ነው። ፈጣን አለ፣ የሚያድር አለ። የሚያድረው ይሻላል።

ነገሩ ያለው ባትሪው ውስጥ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች (ፕሌቶች) ላይ ነው። ሞተሪኖው (የመኪናው ማስነሻ ሞተር) ሲዞር የኔጋቲቩ ፕሌት እርሳስ ከእያንዳንዱ አቶም ሁለት ሁለት ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ ይህ ኦክሲዴሽን ነው። ኤሌክትሮኖቹ በሽቦ ዞረው ሲመጡ ፖዘቲቩ ላይ ያለው የእርሳስ ዳይኦክሳይድ ይቀበላቸዋል፤ ይህ ደግሞ ሪዳክሽን። በሂደቱ ሁለቱም ፕሌቶች የእርሳስ ሰልፌት ይለብሳሉ፣ አሲዱም ይቀጥናል። ቻርጀር ይህን ሁሉ ወደኋላ ይመልሳል፤ ግን በችኮላ አይሆንም። አምፔር ሲበዛበት ትርፉ ውሃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይበትናል፣ ፕሌቱንም ያግላል። ለ60 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 6 አምፔር በቂ ነው፤ ባዶ ከነበረ ከ10 ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ቤቱን የሚያስመሰግነው ሳይለኩ አለመሰካታቸው ነው። ስድስቱንም ሴል ከፍተው የአሲዱን ጥግግት በሚለካው ሃይድሮሜትር ያያሉ፤ 1.27 አካባቢ ሙሉ፣ 1.12 አካባቢ ባዶ። አምስቱ 1.25 ደርሰው አንዱ 1.15 ላይ ከቀረ ያ ሴል አልቆለታል፤ ይህንንም ሂሳብ ሳይቀበሉ ይናገራሉ። ቮልት ብቻውን ያታልላል። ከቻርጀር አሁን የወረደ ባትሪ 13 ቮልት ቢያሳይ አትመኑት፤ ጥቂት ሰዓት አርፎ 12.6 ወይም 12.7 ላይ ከቆመ ነው የሞላው።

ቅር የሚያሰኘው፣ «አሲድ ጨምሩልኝ» ላለ ሁሉ መጨመራቸው ነው። አሲዱ የቀጠነው ሰልፌቱ ፕሌት ላይ ስለተጣበቀ እንጂ አሲድ ስለጠፋ አይደለም። ሲጨመርበት ሃይድሮሜትሩ በውሸት «ሙሉ» ይላል፣ ፕሌቱም ቶሎ ይበላል። የሚጎድለው ውሃ ነው፤ የሚተካውም በተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ በቧንቧ ውሃ አይደለም። የቻርጅ ክፍሉ መስኮትም ጠባብ ነው። አየር ውስጥ 4 በመቶ የደረሰ ሃይድሮጅን አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች፤ ቻርጀሩ ሳይጠፋ ሽቦ ሲነቅሉ ካያችሁ ራቅ በሉ።

ለወራት ባዶውን የተቀመጠ ባትሪ ይዛችሁ አትድከሙ፤ ሰልፌቱ ጠጥሮ ኤሌክትሮኑን አይቀበልም። ደህናውን ከመኪናው ስታወጡ የኔጋቲቩን ሽቦ አስቀድሙ፣ ስትመልሱ ፖዘቲቩን።