ለፊልም አጣቢያችን ምስጋና፣ የቆየ ፊልም ላላችሁም ጥቆማ

የታላቅ እህቴ ሆልጋ ካሜራ ውስጥ ያልታጠበ ፊልም ለዓመታት ተረስቶ ኖሯል። ያጠበልንን ሰው በአደባባይ ላመሰግነው ነው የምጽፈው።

ሆልጋ እ.ኤ.አ. በ1982 ሆንግ ኮንግ ውስጥ መሠራት የጀመረ የፕላስቲክ ካሜራ ነው። ብርሃን በየስንጥቁ ያስገባል። "መጫወቻ እኮ ነው" ብለው የሚንቁት ብዙ ናቸው። አጣቢያችን ግን ፊልሙን ገና ሳይነካው ጥያቄ አዘነበብኝ። የት ተቀምጦ ነበር? ሙቀት አግኝቶታል? ከዚያ ቁርጡን ነገረኝ፤ "ምንም ላይወጣ ይችላል፤ ቃል አልገባም።" ይሄን ጊዜ ነው ያመንኩት።

ፊልሙ የከለር ነው። በተለመደው የከለር ኬሚካል፣ በ38 ዲግሪ ቢታጠብ ያረጀው ቀለም ተዘበራርቆ ጭጋግ ብቻ ሊወጣ ይችላል አለ። በጥቁርና ነጭ ኬሚካል ከታጠበ ቀለሙ ይቀራል፣ ምስሉ ግን የመትረፍ ዕድል አለው። አስፈቅዶኝ መጀመሪያ ከጫፉ ትንሽ ቆርጦ ሞከረ።

ወጣ! ድብዝዝ ያለ ነው፣ ግን ሰው ይለያል። አንዱ ላይ እናቴ ትስቃለች፤ ከራሷ በላይ ሰማዩ ላይ 7 ቁጥር ፈዝዞ ይታያል። ለካ ከፊልሙ ጀርባ ባለው ወረቀት ላይ የታተመው ቁጥር ነው። ፊልምና ወረቀት አንድ ላይ ተጠቅልለው ሲከርሙ ቁጥሩ ፊልሙ ላይ አሻራ ይተዋል። "ላጥፋው ወይ?" አለኝ። ተወው አልኩት።

ሁለት ፍሬሞች ባዶ ናቸው። ሌላው ቢሆን "አርጅቶ ነው" ብሎ ይገላገል ነበር። እሱ ኔጌቲቩን፣ ማለትም የታጠበውን ፊልም፣ መብራት ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። በፎቶዎቹ መሃል ካለው ክፍተት ጋር ልዩነት የላቸውም፤ ብርሃን ጨርሶ አልነካቸውም። የሌንሱ ክዳን ሳይነሳ ነው የተነሱት። የሆልጋ ማያ ቀዳዳ በሌንሱ በኩል ስለማያሳይ፣ ክዳኑ ይኑር አይኑር አያስታውቅም። እህቴ ስትሰማ "እሱማ የኔ ሥራ ነው" ብላ ሳቀች።

ዋጋው ከተለመደው እጥበት ይወደዳል፣ ጊዜም ይፈጃል። ለሚቸኩል ሰው አይሆንም።

እንዲህ ያለ ካሜራ ቤታችሁ ካለ፣ ፊልም ይኑረው አይኑረው ለማየት ብላችሁ አትክፈቱት። ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡትና እንዳለ ውሰዱለት። ወንድሜ፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው! አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።