ሕንጻችን ሥር ያለው ጀበና ቡና

ሜክሲኮ አካባቢ ነው የምሠራው፣ ሂሳብ ክፍል። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሰኔ 30 ሲቃረብ ቢሮው ውስጥ ሰው ከሰው አይነጋገርም፤ ሁሉም አቀርቅሮ ደረሰኝ ያገላብጣል። አሥር ሰዓት ላይ ግን አንዱ «አንወርድም እንዴ?» ይላል።

የምንወርደው ሕንጻው ሥር ላስቲክ ወጥራ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ጋ ነው። ስድስት ዱካ፣ ረከቦት፣ ከሰል፣ እጣን። በቃ። ቡናዋ ወፈር ያለ ነው፤ ጤና አዳም ጣል ታደርግበታለች። አለቃችን እንኳ ዱካዋ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ሲቀመጥ እንደኛው ሰው ይሆናል። ሁለት ቀን ሙሉ የፈለግናትን የ400 ብር የሂሳብ ልዩነት ያገኘናት እዚያው ነው። አንዷ ባልደረባችን ሲኒዋን አፏ ላይ እንደያዘች «ቆይ፣ ያ የነዳጅ ደረሰኝ ሁለቴ አልገባም?» አለች። ቡናውን ሳትጨርስ ወደ ላይ ሮጠች።

እንከን አለው። ላስቲኩ ያፈሳል። ረቡዕና ዓርብ ማኪያቶ የተወ ጿሚ ሁሉ ስለሚጎርፍ ዱካ አይገኝም። ፈንዲሻዋም አንዳንዴ ያደረ ነው፤ ነገርኳት፣ ሳቀች።

ሂሳብ ሲመጣ «እኔ ልክፈል» የሚለው ግብግብ ከቡናው ይረዝማል። ትናንት እኔ ቦርሳዬን ሳወጣ ግን ማንም አልታገለኝም።