ዋይፋይ ሰርቪስ ቤት ለማይደርስላችሁ፦ እጁ የሚታመን ባለሙያ

ጎተራ አካባቢ ለሚሠራው የኔትወርክ ባለሙያ ወንድማችን ከቤተሰቡ ሁሉ ምስጋና ይድረሰው። ስልኩን ሳናስፈቅድ እዚህ አንለጥፍም፤ የፈለገ በኢንቦክስ ይጠይቀን።

ብዙ ሰው፣ ሻጮችም ጭምር፣ ኤክስቴንደርን (የራውተሩን ዋይፋይ ተቀብሎ ራቅ ወዳለ ክፍል የሚያስተላልፈውን መሣሪያ) ዋይፋይ የጠፋበት ክፍል ውስጥ ይሰኩታል። እዚያ ምን አግኝቶ ያስተላልፍ? ስልኩ ሙሉ ኔትወርክ ያሳያል፣ ቪዲዮ ግን አይከፍትም። ይህ ልጅ መጀመሪያ ስልኩ ላይ ባለ መለኪያ አፕ ከራውተሩ ጀምሮ እየለካ ሄደ፦ ሳሎን -42 ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጠነክራል)፣ ኮሪደር -61፣ ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ -83። የሰካው ኮሪደሩ ላይ ነው። ከ-65 የባሰ ቦታ ላይ አይሰካም፤ ልክም ነው። የሰርቪሱ ግድግዳ ቆርቆሮ ስለሆነና ቆርቆሮ ኔትወርኩን መልሶ ስለሚያነጥረው፣ ከመስኮቱ ትይዩ ያለውን ሶኬት መረጠ።

መሣሪያው ቲፒ-ሊንክ አርኢ305 ነው። መጀመሪያ ራውተሩ አጠገብ ሰካው፤ የራውተሩን ደብሊውፒኤስ (ፓስወርድ ሳይጻፍ የሚያገናኘውን ቁልፍ) ተጫነ፣ 2 ደቂቃ ሳይሞላ የኤክስቴንደሩን። ከተያያዘ በኋላ ነቅሎ ወደ ቦታው ወሰደው፤ ቢነቀልም አይረሳም። የሲግናል መብራቱ ቀይ ከሆነ ወደ ራውተሩ ጠጋ ማድረግ ነው፣ ሰማያዊ ከሆነ በቃ። ደብሊውፒኤስ እምቢ ካለ ራውተሩ ላይ ተዘግቶ ይሆናል፣ ወይም ሴኩሪቲው ደብሊውፒኤ3 (ደብሊውፒኤስን የማይቀበለው አዲሱ የዋይፋይ ጥበቃ) ብቻ ተደርጓል። የራውተሩ ፓስወርድ ሲቀየር ኤክስቴንደሩም ላይ መቀየሩ እንዳይዘነጋ።

ከሁሉ ያስመሰገነው ግን ለፎቁ ሁለተኛ ኤክስቴንደር ግዙ አለማለቱ ነው። ኤክስቴንደር ከኤክስቴንደር ሲቀበል ያው ሬዲዮ ተራ በተራ ስለሚቀበልና ስለሚልክ ፍጥነቱ በየደረጃው ይወርዳል። በምትኩ 18 ሜትር ካት6 ኬብል ስቦ፣ ቤት የተጣለውን አሮጌ ራውተር አክሰስ ፖይንት (በኬብል ተቀብሎ ዋይፋይ የሚለቅ) አደረገው፦ አይፒውን (የኔትወርክ አድራሻውን) 192.168.1.2 አለው (ዋናው 192.168.1.1 ስለሆነ)፣ ዲኤችሲፒውን (ለስልኮች አይፒ የሚያድለውን) ዘጋ፣ ኬብሉን ዋን (የኢንተርኔት መግቢያው) ሳይሆን ላን (የቤት ውስጥ መሣሪያዎች መሰኪያው) ላይ ሰካ። ዲኤችሲፒው ሳይዘጋ ቢቀር ሁለቱም አይፒ እያደሉ አንዱ ስልክ ይሠራል፣ ሌላው "ኢንተርኔት የለም" ይላል።

ሰዓት ላይ ግን አትመኑት፤ 3 ሰዓት ብሎ 5 ሰዓት ነው የመጣው።