ቁርሱ ደርሷል፣ ንባቡ ገና ነው፦ በጎንደር የአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የተማሪዎች ድጋፍ ሲመዘን

ይህ ግምገማ ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር የሚገኝ አንድ የመንግሥት የመጀመሪያና መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከመደበኛ በጀቱ በላይ የሚያገኘውን ገንዘብ ለችግረኛ ተማሪዎቹ እንዴት እንደሚያውል የሚመለከት ነው። እኔ የእህቴን ልጅ በዚሁ ትምህርት ቤት የማስተምር አሳዳጊ ስሆን፣ በወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህራን ኅብረት ስብሰባዎች ላይም እገኛለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም የተውኩት የምነቅፈው ነገር የእርሱ ብቻ ነው ብዬ ስለማላምን ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ልጅን አብልቶና አልብሶ ክፍል ውስጥ በማቆየት በኩል ትምህርት ቤቱ ከጠበቅሁት በላይ ሠርቷል፤ ክፍል ውስጥ የቆየው ልጅ ከእኩዮቹ ጋር እኩል እንዲያነብ በማድረግ በኩል ግን ገንዘቡ መድረስ ካለበት ቦታ አልደረሰም።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ አጠቃቀሙን መመዘን አይቻልም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ከክፍያ ነፃ አደረገ። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ደግሞ መምህራን «ስኩል ግራንት» የሚሉትን የትምህርት ቤት ድጎማ ይዞ መጣ። የድጎማው መሠረት የተመዘገቡት ተማሪዎች ቁጥር ነው፤ ስለዚህ የባለሱቁ ልጅና ጠዋት ጫማ ጠርጎ ከሰዓት የሚማረው ልጅ በስሌቱ ላይ እኩል ይቆጠራሉ። በ2010 ዓ.ም. የተጀመረው የፕሮግራሙ ሦስተኛ ምዕራፍ ፍትሐዊነትን በስሙ ጭምር ይዞ ለሴት ልጆች፣ ለልዩ ፍላጎት ትምህርትና ወደኋላ ለቀሩ ክልሎች ትኩረት ሰጥቷል፤ ሆኖም በአንድ ክፍል ውስጥ ድሃ የሆነውን ልጅ ለይቶ በስሙ ገንዘብ የሚመድብ አሠራር በድጎማው ውስጥ የለም። በእንግሊዝ ነገሩ ከዚህ ይለያል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥት ነፃ የትምህርት ቤት ምሳ ለማግኘት ብቁ የሆኑትን፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህም ባለፉት ስድስት ዓመታት ውስጥ በአንዱ ወቅት ብቁ የነበሩትን ጨምሮ ቆጥሮ፣ በእያንዳንዳቸው ልክ ለትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ገንዘብ ይሰጣል፤ ትምህርት ቤቱም በገንዘቡ ምን እንደሚያደርግና ምን ውጤት እንዳገኘ በየዓመቱ ለሕዝብ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት። በእኛ ዘንድ ለችግረኛው የሚውለው ገንዘብ ከብዙ ቦታ የሚለቃቀም ነው። እዚህ ትምህርት ቤት በአጥሩ ዙሪያ ከተሠሩት ሱቆች ኪራይ፣ ከባሕር ዛፍ ሽያጭ፣ ከነጋዴዎችና በውጭ ከሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎች ልገሳ፣ ከወላጆች መዋጮና ከድጎማው ላይ ተቀንሶ ከሚገኘው ይሰበሰባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ቁርሱ ነው። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማው አስተዳደር በጀት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ስትመግብ፣ እዚህ ግን የሚመገቡት የተመረጡ ልጆች ብቻ ናቸው፤ ምርጫ ባለበት ቦታ ደግሞ ኀፍረት አብሮ ይመጣል። ትምህርት ቤቱ ይህን ችግር የፈታበት መንገድ ብልኀት ያለበት ነው። የክፍል ኃላፊ መምህራን ተደጋጋሚ መቅረትን፣ በትምህርት ሰዓት መተኛትንና የቤተሰቡን ሁኔታ አይተው ልጆቹን በምስጢር ይመርጣሉ፤ ዝርዝሩ አይለጠፍም፣ በሰልፍ ላይም አይነበብም። የምገባው ክፍል ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ቤተ መጻሕፍቱም በዚያው ሰዓት ለማንኛውም ተማሪ ክፍት ስለሚሆን፣ በማለዳ በበሩ የሚገባው ልጅ ለቁርስ ይሁን ለንባብ ከውጭ የሚያይ ሰው አያውቅም። ይህን ማን እንዳሰበው ጠይቄ ነበር፤ ርእሰ መምህርቷ ሐሳቡ የወጥ ቤት ሠራተኛዋ መሆኑን ነገሩኝ።

ምግቡ ቅንጬ፣ ዳቦ በሻይ፣ አንዳንድ ቀንም ከፎገራ የሚመጣ ሩዝ ነው። ሥጋም ሆነ ወተት ፈጽሞ ስለማይገባበት የሚጾመውም የማይጾመውም ልጅ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ድስት ይበላሉ፤ በጎንደር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጉድለቱ ወቅት ላይ ነው። ልገሳ የሚበዛው በመስከረምና በበዓላት ሰሞን ስለሆነ፣ ከፋሲካ በኋላ ክምችቱ እየሳሳ ይሄድና በየቤቱ እህል በሚያልቅበት በግንቦትና በሰኔ ድስቱ ከሳምንቱ ቀናት በአንዳንዶቹ ብቻ ይጣዳል። የዓመቱን ፈተና የሚፈተኑበት ወር ይኸው መሆኑን ስናስብ፣ ለበዓል ሰሞን የሚመጣውን ልገሳ ከፍሎ ለዓመቱ መጨረሻ ማስቀመጥ አስቸጋሪ ሊሆን አይገባም ነበር።

ስለ ደንብ ልብስና ስለ ደብተር ብዙ የምለው የለኝም፤ በጊዜው ይታደላል፣ የሚታደለውም ከሌላው ልጅ ልብስ በቀለምም በጥራትም አይለይም። ለሴት ልጆች የተዘጋጀው ክፍል ሞዴስና መቀየሪያ ልብስ አለው። በከተማችን የውኃ ፈረቃ እንደሚታወቀው ስለሆነ ትልቅ ሮቶ መተከሉ ከብዙ ንግግር የሚሻል ወጪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ቅሬታዬ ያለው በማጠናከሪያ ትምህርቱ ላይ ነው። ለመምህራን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስለሚወጣበት ከምገባው ቀጥሎ ብዙ ገንዘብ የሚበላው ይኸው ነው፤ የሚሰጠውም ቅዳሜ ጠዋት ነው። በዚህ ሰፈር ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። እናቱ ሽንኩርትና በርበሬ የምትቸረችር ልጅ በዚያ ጠዋት ዕቃ ይጠብቃል፣ ጉልበት ያለው ደግሞ ጭነት ያወርዳል፤ የቤት ሠራተኛ ሆና የምትማር ልጅም ቅዳሜ የልብስ ማጠቢያ ቀኗ ነው። በመሆኑም ለችግረኛ ተማሪዎች በተመደበ ገንዘብ በሚከፈልበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ያየኋቸው በአብዛኛው ቤታቸው የሚያስጠና ሰው ያላቸው ልጆች ናቸው። አንዲት እናት በስብሰባ ላይ «ጋሼ፣ ቅዳሜን ከወሰዳችሁብኝ የሳምንቱን ቀለብ ከየት አመጣለሁ?» ስትል የተሰጣት መልስ ስለ ትምህርት ጥቅም የሚናገር ረጅም ምክር ነበር። የትምህርትን ጥቅም ባታውቅ ኖሮ ልጇን ሰኞ አትልክም። መልሱ ሰዓቱን ማዛወር ነው፤ ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ስለሚያስተምር የጠዋቱ ፈረቃ ሲለቀቅ አንድ ሰዓት ለእነዚሁ ልጆች መስጠት ይቻላል።

ሁለተኛው ጉድለት የክፍሉ ምርጫ ነው። ማጠናከሪያው የሚሰጠው ክልል አቀፍ ፈተና ለሚወስዱት ለ6ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የትምህርት ቤቱ ስም የሚጠራው በፈተና ውጤት ነው፤ የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤትም የሚጠይቀው እርሱን ነው። ነገር ግን 8ኛ ክፍል ላይ ወድቆ የምናየው ልጅ የተሰናከለው ከ2ኛና ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የቅድመ ንባብ ክሂል ምዘና ብዙ የ2ኛ ክፍል ልጆች ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቶ ነበር፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት እንደገና እንዲዘጋጁ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። በታችኛዎቹ ክፍሎች ተማሪ እንዳይደግም የሚያደርገው አሠራር ልጁን ከማቋረጥ ያድነዋል፤ ፊደል ያልለየውን ልጅ ግን ጉድለቱን አዝሎ ወደ ላይ እንዲሄድ ያደርገዋል። የአቋቋም ትምህርት መናገሻ በሆነችው በጎንደር የየኔታን ሥርዓት ማስታወስ ለማንም አይከብድም፦ ልጁ ሀ ሁን ሳያጠራ ወደ አቡጊዳ፣ አቡጊዳን ሳይዘልቅ ወደ መልእክተ ዮሐንስ አይሻገርም፤ የኔታም እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ያስነብቡታል። ስድሳና ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል የያዘች መምህርት ይህን ልታደርግ አትችልም፤ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስፈልገውም ይህንኑ ለማድረግ ነው። ለትርፍ ሰዓት ከሚወጣው ገንዘብ እኩሌታው እንኳ ማንበብ ያቃታቸውን የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች አምስት አምስት እያደረገች ለምታስነብብ ጥሩ መምህርት ቢውል፣ ዛሬ 8ኛ ክፍል ላይ የሚፈሰው ገንዘብ ከዓመታት በኋላ ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

የልዩ ፍላጎት ድጋፍ መስጫ ክፍሉ ጥሩ ዕቃ አለው፤ ብሬል መጻፊያም አይቻለሁ። ሆኖም ቁልፉ በአንድ መምህር እጅ ስለሆነ እርሳቸው በማይኖሩበት ቀን ክፍሉ ይዘጋል። አካል ጉዳተኞችን የሚያግዘው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ፕሮግራም በከተማው እያለ ከእርሱ ጋር ተቀራርቦ አለመሥራት አያስመሰግንም።

በመጨረሻ የሂሳቡን ነገር ላንሳ። ትምህርት ቤቱ የገቢና ወጪ ዝርዝር በሰሌዳ ላይ ይለጥፋል፤ በዚህ ከብዙዎች ይሻላል። የሚነበበው ግን ደብተር ስንት ደርዘን፣ ቀለም ስንት ጋሎን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስንት ብር የሚል ነው፤ በዚህ ገንዘብ ስንት ልጅ ከማቋረጥ ተመለሰ፣ ስንቱስ በመስከረም ማንበብ ሳይችል ቆይቶ በሰኔ ቻለ የሚለው የለም። ከዚህ ጋር የመዋጮው ጉዳይ አለ። መዋጮ በፈቃድ ነው ቢባልም፣ በምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ደረሰኝ ተዘርግቶ የሚጠየቅ ነገር ለድሃ ወላጅ ግዴታ ይመስለዋል። የምገባ ዝርዝሩን በምስጢር የያዘ ትምህርት ቤት የመዋጮውን ጠረጴዛ ከምዝገባው ክፍል ቢያወጣው ከራሱ ጠባይ ጋር ይስማማ ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬም ልጄን ከዚህ ትምህርት ቤት አላወጣም፤ በሰፈሩ ላለ፣ ኑሮው ለከበደው ወላጅም እመክረዋለሁ። ድጋፍ የሚሻ ወላጅ ግን ምዝገባውን በነሐሴ መጨረሻ ጨርሶ መስከረም እንደገባ የክፍል ኃላፊውን መምህር ለብቻቸው ያነጋግር፤ የምገባው ዝርዝር በጥቅምት ከተዘጋ በኋላ አዲስ ስም የሚገባው ሌላው ሲወጣ ብቻ ነው። ልጁ የ2ኛ ወይም የ3ኛ ክፍል ከሆነ ደግሞ ስለ ውጤቱ ብቻ ሳይሆን መጽሐፉን ከፍቶ ማንበብ መቻል አለመቻሉን ይጠይቅ፤ በስብሰባ ላይ ይህን የሚጠይቅ ወላጅ ሲበዛ የማጠናከሪያው ገንዘብ ወደ ታችኛዎቹ ክፍሎች እንዲወርድ ውሳኔውን ማስቀየር የሚችለው ያው ኅብረቱ ነው።